የፍየሉ አባት የት ሄደ? ስለ አርሲ-ባሌ ፍየል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲዳማ ክልል የእንስሳት ሀብት ሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦ ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ መምህራን፣ ለፍየል ነጋዴዎች፣ እንዲሁም በዓል በመጣ ቁጥር ፍየል ለሚገዛው የሐዋሳ ሕዝብ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ጤና ይስጥልን። እኔ ሐዋሳ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ። ከገጠር የሚመጣው ደንበኛዬ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ያለኝ የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ነው። ደጋግሜ ብናገርም የሚሰማኝ ስላጣሁ ትቼዋለሁ። ይህን የማነሳው የምጽፈውን ነገር ከየት እንዳመጣሁት እንድታውቁ ብዬ ነው። ግማሹን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ በሱቄ በር የሚያልፈው ፍየልና ጎታቹ አስተምረውኛል።

ጉዳዬ አንድ ነው፦ አውራ ፍየል።

ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። «የአካባቢያችን ፍየል ሊያልቅ ነው» ብዬ ኡኡ ልል አይደለም። ፍየል አላለቀም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2020/21 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ለኢትዮጵያ የሰጣት 52 ሚሊዮን ያህል ፍየል ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገር ውስጥ ዘር ነው። ስለዚህ በቁጥር ከሆነ ሪፖርታችሁ ያማረ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፍየሉ አለ፤ የፍየሉ አባት ግን የለም።

ስለየትኛው ፍየል እንደማወራ ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ፍየሎች በየአካባቢያቸው መዘገበ። ውጤቱ በ1996 ታተመ። 14 ዓይነት ፍየል ተለይቶ ወጣ። የአፋሩ፣ የአበርገሌው፣ የሐረርጌ ደጋው፣ ጆሮ አጭርና ጆሮ ረጅም ሶማሌው፣ የከፋው፣ ወይጦ-ጉጂ የሚባለው፣ ሌላም ሌላም። ኋላ በ2004 የመጣ የዘረመል ጥናት ዝርዝሩን አጥብቦ 8 አደረገው። አርሲ-ባሌ ግን በሁለቱም ላይ ራሱን ችሎ ቆሟል። የእኛው ፍየል እሱ ነው። ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነስቶ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ፣ እኛ ሲዳማ ድረስ ይደርሳል። ከአፋሩ፣ ከአበርገሌውና ከወይጦ-ጉጂው ጋር የስምጥ ሸለቆ ቤተሰብ ተብሎ ይመደባል።

የምታውቁት ፍየል ነው። ስሙን ሳታውቁት ብዙ ጊዜ በልታችሁታል። ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ኑቢያው አፍንጫው አይጎብጥም። ወንዱ ጺማም ነው። የደጋው ፀጉሩ ረዘም ይላል፣ በተለይ ጭኑ ላይ ጎፈር መስሎ ይንጠለጠላል። ወደ ቆላ ሲወርድ ፀጉሩ ያጥራል። አንዳንዷ ጉሮሮዋ ሥር ሁለት ጣት የሚመስል ሥጋ ይንጠለጠልባታል። መልኩ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነጩም፣ ቡናማውም፣ ጥቁሩም፣ ዥንጉርጉሩም አለ። የደረሰች እናት 30 ኪሎ ገደማ ናት። ግዙፍ አይደለችም። ግን መንታ ትወልዳለች፣ ብርድ ትችላለች፣ የእንሰት ቅጠል ቢሰጧት ትበላለች፣ የግራር ፍሬ ለቅማ ታድራለች። እኛ ከተማ ውስጥ ደግሞ ገራባ ትበላለች። ጫት ቤቶች ደጃፍ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብትሉ ታዩዋታላችሁ። ከገራባው ጋር ፌስታሉንም ትውጠዋለች እንጂ።

አሁን ወደ ገበያው ልውሰዳችሁ።

አንድ ሽማግሌ አንድ ወጠጤ ይዘው ይመጣሉ እንበል። ገና በሩ ላይ ደላላው ይቀበላቸዋል። ገመዱን አይነካም፣ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ ወገቡ ነው። አውራ ጣቱን በአንድ በኩል፣ አራቱን ጣት በሌላ በኩል አድርጎ ወገቡን ጨበጥ ያደርገዋል። አጥንቱ ቢቆረቁረው ፊቱን ያጨማድዳል። ሥጋው እጁን ከሞላው ግን ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ያኔ ነው ዋጋ ሊያወርድ እንደተነሳ የምታውቁት። ቀጥሎ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ወተት ጥርስ ነው? አንድ ጥንድ ቀይሯል? «አባባ፣ ይሄማ ገና ልጅ ነው» ይላል። ልጅ መሆኑን ግን ወዶታል። ምክንያቱም ሞጆ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የሚፈልጉት ያልተኮላሸ፣ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሆነ ወንድ ነው። ሥጋው ቀላልና ስብ ያልበዛበት መሆን አለበት። የመካከለኛው ምሥራቅ ገዢ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የደጋ ፍየል ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ስለሚሉም ዓይናቸው ቆላው ላይ ነው። ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ፈጥኖ ያደገው፣ ወገቡ የሞላው፣ በዓመቱ ገበያ የደረሰው ወጠጤ አይሱዙ ላይ ይወጣና ወደ ሞጆ ይሸኛል።

ነጋዴውን አልወቅስም፣ እንጀራው ነው። ሽማግሌውንም አልወቅስም፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለባቸው፣ የልጅ ደብተር አለባቸው። ደላላውንም ተዉት። ግን ያ ወጠጤ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሄደ አስቡት። በዓመቱ ያን ያህል ያደገ ወንድ፣ ፈጣን ዕድገቱ በከፊል ከደሙ የመጣ ነው። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 እናቶችን በቀላሉ ይበቃል። የፍየል እርግዝና 5 ወር ነው። እዚያው መንደር አንድ ዓመት ቢቆይ ልጆቹ ሌላ መንጋ ይሆኑ ነበር። እሱ ግን ሄዷል። ታዲያ መንደሩ ውስጥ ማን ቀረ? ያልተሸጠው። ለምን አልተሸጠም? ኮስማና ስለሆነ፣ ወገቡ ሲጨበጥ አጥንቱ ስለሚቆረቁር። ወንድ ግልገል ከአምስትና ከስድስት ወሩ ጀምሮ ሴት መከተል ይጀምራል። ስለዚህ የቀነጨረው ወንድ፣ ገዢ ያጣው ወንድ፣ የቀጣዩ ትውልድ አባት ይሆናል። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ፣ ከዚያም በኋላ እንደዚሁ።

ይህ ነው እንግዲህ ሥር የሰደደው ችግር። ማንም አስቦ አላደረገውም። ምርጡን እየሸጥን በተረፈው እናራባለን። በሬ ላይ ብናደርገው ኖሮ ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር። ፍየል ላይ ሲሆን ግን ማንም ልብ አይለውም፤ ፍየል ትንሽ ናት፣ የልጆችና የሴቶች ናት፣ «ራሷ ትወልዳለች» ይባላል።

መንግሥትም ሆነ ድርጅት ስለ ዘር ሲያስብ ደግሞ ዓይኑ ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ይህንን ታሪክ ሐዋሳ ከማንም በላይ ልታውቀው ይገባል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የወተት ፍየል ፕሮግራም ሲጀምር ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከአለማያ እና ከእኛው አዋሳ ግብርና ኮሌጅ ጋር ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ልንክደው አይገባም። ድሃ ሴቶች በቡድን ተደራጁ፤ ፍየል በብድር ተሰጣቸው፤ ብድሩን በገንዘብ ሳይሆን በግልገል ይመልሱ ነበር። የመኖ ተክል ተተከለ። የመንደር የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሰለጠኑ። እስከዛሬ ከእነዚያ ሥልጠናዎች የተማሩትን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ከእንግሊዝ አገር ደግሞ አንግሎ ኑቢያን የሚባሉ ፍየሎች መጡና ከአገሩ ፍየል ጋር ተዳቀሉ። ጆሯቸው የሚንጠለጠል፣ አፍንጫቸው የጎበጠ፣ ትልልቅ፣ ወተታም ፍየሎች ናቸው። (እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ዘር የሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገራቸውን ፍየል ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሕንድ ከመጡ አውራዎች ጋር አዳቅለው ነው። የአፍሪካ ደም ለንደን ዞሮ በዕርዳታ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።)

ውጤቱ ምን ሆነ? እዚህ ላይ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ጥናቱን የሠራው የእኛው ሰው ነው። ዶክተር ወርቅነህ አያሌው ለዶክትሬት ማሟያቸው ሐረርጌ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ በነበረባቸው መንደሮች፣ ዲቃላውንና የአገሩን ፍየል አነጻጸሩ። ወተት ብቻ አልለኩም። ሥጋውን፣ ፍጉን፣ ለክፉ ቀን የሚሸጥ ቁጠባ መሆኑን፣ ሁሉንም በገንዘብ አስልተው ከመሬቱና ከጉልበቱ ጋር አወዳደሩት። ሥራው በ2000 ወጣ። መልሱ ዲቃላው ለገበሬው ከአገሩ ፍየል የበለጠ ጥቅም አላስገኘም የሚል ነው። ይልቁንም ለአገሩ ፍየል ያው የተሻለ አያያዝ፣ ያው መኖ፣ ያው ሕክምና ሲሰጠው ጥቅሙ አደገ። በሌላ አነጋገር ለውጥ ያመጣው አያያዙ ነው፣ ባዕድ ደሙ አይደለም።

ጥናቱ ከወጣ በኋላ ምን አደረግን? ሌላ አመጣን። በ2007 በአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ፕሮጀክት ቦር ፍየል ከደቡብ አፍሪካ ገባ። ቦር የሥጋ ፍየል ነው። አካሉ ነጭ፣ ጭንቅላቱ ቀይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲያዩት ያስጎመጃል። እኔም አይቼው ጎምጅቻለሁ። ዲቃላዎቹም በየቦታው ተሠራጩ።

ከደንበኞቼ መካከል አንድ የሴቶች ማኅበር እንዲህ ያለ ዲቃላ አውራ ተሰጥቶት ነበር። የሰጠውን ድርጅት ስም አልጠራም፣ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። አውራው ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ። ችግሩ የጀመረው በማግስቱ ነው። የአገሩ ፍየል እሾህ መሃል አፍንጫዋን አስገብታ ቅጠል ስትለቅም እሱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። ፉርሽካ ካልተገዛለት ይከሳል። የፉርሽካ ዋጋ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰኔና ሐምሌ ዝናቡ ሲጸና ማሳል ጀመረ። ሊቀመንበሯ በየሳምንቱ ሱቄ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን «ዶክተር፣ ይሄ ፍየል ከገዛ ባሌ በላይ ወጪ አለው» አለችኝና ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። በመጨረሻ ለበዓል ተሸጠ። ከእሱ የተወለዱት ግልገሎች ሲወለዱ ከበድ ይላሉ፣ በተወለዱበት መንደር መኖ ግን አባታቸውን አያክሉም። ይህም ሆኖ በእናንተ መዝገብ ላይ «የተሻሻለ አውራ ፍየል ተሠራጭቷል» ተብሎ እንደሚነበብ አልጠራጠርም። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄ ነው።

የውጭ ደም ሁሉ መርዝ ነው አልልም። አጥር ያለው፣ መኖ የሚገዛ፣ ወተት ወይም ሥጋ ለይቶ የሚያመርት ባለሀብት ከፈለገ ያምጣ፣ ያዳቅል፣ ያትርፍ። ልዩነቱ እሱ የሚያደርገው በራሱ ግቢና በራሱ ኪሳራ መሆኑ ነው። ለድሃ ገበሬ መንጋ የሚበተን አውራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። አርሲ-ባሌ መሃል አገሩ ላይ ሳይቀር እንዲህ ከቀላቀልነው በኋላ «የድሮውን መልሱልን» ብንል ከየት ይመጣል?

በነገራችን ላይ የዘረመል ጥናቶቹ የሚሉት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ተነቦ የሚታለፍ። በኢትዮጵያ ፍየሎች መካከል ካለው ልዩነት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያለው በየመንጋው ውስጥ ነው፣ በአንዱ ዘርና በሌላው ዘር መካከል ያለው ጥቂት ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የምትፈልጉት ፈጣን ዕድገት፣ የምትፈልጉት መንታ፣ የምትፈልጉት ወተት እዚያው ቦርቻ ወይም ሎካ አባያ ባለ መንጋ ውስጥ አለ። ደላላው ወገቡን ጨብጦ ያወቀውን ወጠጤ ገዝቶ መንደሩ ላይ ማስቀረት ብቻ ነው የጎደለው። ለዚህ አውሮፕላን አያስፈልግም።

ስለ መኖና ስለ በሽታ ረጅም አልጽፍም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጨለለቃ ሐይቅ የነበረበትን ቦታ የዛሬ ልጆች ሐይቅ ነበረ ቢሏቸው አያምኑም፤ ከጥቁር ውሃ ወዲህ ማዶ የነበረው ግጦሽም እርሻና ቤት ሆኗል። ከብላቴ በኩል ግራሩ ከሰል ሆኖ በጆንያ ከተማ ገብቷል። ደጋው ላይ ጫትና ባሕር ዛፍ ከእንሰቱ አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት ያዘው፤ ፍየሏ በገመድ ታስራ ትውላለች። ተራራ ሲከለል የመጀመሪያዋ ተባራሪም እሷ ናት። መከለሉን አልቃወምም፣ ከተከለለው ላይ ግን ሣርና ቅጠል አጭዶ የማምጣት ፈቃድ ፍየል ላላቸው ሴቶች ይሰጥ። ይህ ወጪ የለውም።

በሽታ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር የሚባለው) ግልገሉን ነው መጀመሪያ የሚጠርገው። ዓለም በ2030 ሊያጠፋው ቀጠሮ ይዟል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ያመርተዋል፤ ተቋሙ ከ1964 ጀምሮ የቆየ ነው። አንድ ጊዜ የተከተበ ፍየል ለሦስት ዓመት ያህል ይጠበቃል። ጉዳዩ ታዲያ ክትባቱ ሲመጣ የበረዶ ሳጥኑ እንዳይሞቅና ሰው ቀድሞ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ገበሬው ሱቄ የሚመጣው ክትባቱ ከመንደሩ በሄደ ማግስት ነው። «መቼ መጣ?» ይለኛል። ዕድር ላይ፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ አስነግሩ። በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከባዶ የተነሳ አይደለም፤ ጎረቤት ተሠርቶ የታየ ነው።

በ2009 ቦንጋ፣ ሆሮ፣ መንዝና አፋር ላይ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራው የበግ ማራቢያ ሥራ ተጀመረ። ኢካርዳ (በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል)፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና አንድ የኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ ምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው ነው የጀመሩት። የቦንጋው ማዕከል ያኔ መቀመጫውን እዚህ ሐዋሳ ባደረገው የደቡብ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነበር። ኋላም ይኸው አሠራር ወደ ፍየል ተሸጋገረ፤ ኮንሶ ላይ በወይጦ-ጉጂ ፍየል ተሠራ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ገበሬዎች መንጋቸውን ሳይቀላቅሉ በአንድ ማኅበር ይደራጃሉ። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረጋል። አንድ ሰው በደብተር ይጽፋል፦ እናቱ ማን ናት፣ መንታ ነው ወይ፣ ሲወለድ ስንት መዘነ፣ ጡት ሲጥል ስንት፣ በስድስት ወሩ ስንት። የመምረጫ ቀን ሲደርስ ወንዶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ቁጥሩ መጀመሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ቁመናውን፣ መልኩን፣ ቀንዱን፣ የእናቱን ጠባይ ያያሉ። ተመራጩን ማኅበሩ ከተዘዋዋሪ ገንዘቡ ከባለቤቱ ይገዛዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወደ አይሱዙው የሚጎትተው ምክንያት የለም። አውራው በየቡድኑ እየተዘዋወረ ይሠራል። ልጆቹ ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል፣ ይህ ከራሱ ሴት ልጅ ጋር እንዳይገናኝ ነው። ያልተመረጠው ይሸጣል ወይ ይኮላሻል። የቦንጋ በግ አውራ ዛሬ ሌላ አካባቢ ድረስ በዘር ስም እየተፈለገ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ያለ ማኅበር አርሲ-ባሌው ላይ፣ ለጊዜው በአንድ ቆላ ቀበሌና በአንድ ደጋ ቀበሌ እንዲጀመር ነው። ደጋውና ቆላው አንድ ዓይነት ፍየል አይደለም፣ ለዚህ ነው ሁለት ያልኩት። ለመነሻ የሚሆነውን ገንዘብ ለባዕድ ዲቃላ አውራ ግዢ ከያዛችሁት በጀት ላይ ቀንሱ። ማኅበሩ ባለበት ቀበሌ ውስጥ ደግሞ ከውጭ የመጣ ደም ያለበት አውራ እንዳይሠራጭ በጽሑፍ ይወሰንልን። ከዩኒቨርሲቲው ደግሞ የምፈልገው ተማሪ ነው። ግብርና ኮሌጁ ከ1976 ጀምሮ ስንት የእንስሳት ባለሙያ አስመርቋል! አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሠርቶ ሲወጣ ደብተሩን ለሚቀጥለው ተማሪ ቢያስረክብ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም የሌለው የአርሲ-ባሌ መዝገብ እጃችን ላይ ይኖራል። እስካሁን የሚደረገው ግን ተማሪው መጠይቁን ሞልቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ሲመረቅ ውጤቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ገበሬዎቹም አሁን መጠይቅ የያዘ ወጣት ሲያዩ ቡና ማፍላት ትተዋል።

ነጋዴዎችን በተመለከተ፣ ከእናንተ ጋር መጣላት አልፈልግም። እንዲያውም በፍየል ዕውቀት ከቢሮ ባለሙያ ትበልጣላችሁ። መንደሩ ውስጥ ከየትኛው ቤት ምርጥ ወጠጤ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ያንን ዕውቀት ለማኅበሩ ብትሸጡለት እኔ ከማኅበሩ ገንዘብ ድለላ እንዲከፈላችሁ እከራከራለሁ። ቀልድ አይደለም።

ለሐዋሳ ሕዝብም አንድ ቃል አለኝ። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ፣ ለፍቼ ጫምባላላም ሆነ ለእንቁጣጣሽ፣ ፍየል ስትገዙ ለየት ያለ ነገር ጠይቁ። ለአረፋ ያልተኮላሸ የምትፈልጉ አላችሁ፣ እሱን አውቃለሁ። ለሌላው በዓል ግን ሙክት ግዙ። ሙክት የሚሆነው በጊዜ የተኮላሸ ወንድ ነው፤ ሙክት ፈላጊ ሲበዛ ገበሬው ኮስማናውን ወንድ ገና በልጅነቱ ለማስኮላሸት ምክንያት ያገኛል። ዛሬ ለማስኮላሸት በድንጋይ መቀጥቀጥ ቀርቷል፤ ቡርዲዞ የሚባል መቆንጠጫ አለ፣ ደም የለውም፣ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የሚያደርግለት ባለሙያ በቅርቡ የሌለው ካለ ሱቄ ይምጣ። ቆዳውንም አደራ። የበዓል ማግስት ጎዳናው ላይ የሚጣለው ቆዳ እኮ ባንድ ወቅት ይህችን አገር ውጭ ያስጠራ ዕቃ ነበር። ዋጋው ወድቋል፣ እከክም በልቶታል፣ ይገባኛል። ግን ፍየሉ ላይ እከክ ስታዩ ለአንድ መርፌ የምታወጡት ገንዘብ ከቆዳው አልፎ ለሥጋውም ይጠቅማል። (አዎ፣ መርፌውን የምሸጠው እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ግዙት፣ ግድ የለኝም።)

ከእናንተ ከኃላፊዎቹ መልስ እጠብቃለሁ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የትኛው ቀበሌ እንደሚጀመር፣ ማን እንደሚመራው ብቻ ይጻፍልን። እኔም ባዶ እጄን አልመጣም። ሱቄ ውስጥ የግልገል መመዘኛ የሚሆን የሚንጠለጠል ሚዛን አለ፣ ለማኅበሩ አውሳለሁ። የጆሮ ቁጥርና መውጊያው በትርፍ ሳይሆን በመጣበት ዋጋ ይሰጣል። ለመዝጋቢው ሥልጠና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ዝግ ስለሆነ ጊዜ አለኝ፤ ደብተሩ እንዴት እንደሚሠመር አሳያለሁ። ለመጀመሪያው ምርጫ ወጠጤ ካስፈለገ ደግሞ እስካሁን ያልሸጧቸውን አራት ቤቶች አውቃለሁ፤ ሦስቱ ሎካ አባያ፣ አንዱ ቱላ። ለፋሲካ ግን ሁሉም ለመሸጥ አስበዋል፤ ከዚያ በፊት ብትመጡ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ